ጠጠር ለውሃው

ከደርቢ ከወጣን ሦስት ቀን፤ ቀይ አቧራ ቅመን፣
መንገዱ እንደ ወንፊት አንገዋልሎ አበጥሮን፣
ካራቫኑ ከኋላችን እየተንገጫገጨ፣
የኖሪን ስኒ ሁሉ አንድ ባንድ እየተፈጨ፣
ሁለት ጎማ ፈነዳ። ሁለት ቀን ተኳረፍን፤
እሷ “ወደ ግራ”፣ እኔ “ቀጥታ” ብለን።

ኩይሳ በየሜዳው ከሰው ቁመት በልጦ
እንደ ተካሰሰ ጎረቤት፣ ጀርባ ሰጥቶ ተቀምጦ።
ካንጋሩም አይቶን ሄደ።

ማቋረጫው ላይ ዳልሲ ቆማ ነበር፣ የአገሩ ጠባቂ፣
ባርኔጣዋ የተቀደደ፣ አሮጊት፣ ጥርሰ ሳቂ።
“ታችኛው ወንዝ አይሆንም” አለች በከንፈሯ ጠቁማ፣
“የጨው ውሃው አዞ አለ፤ ሰው እንደሁ አይጠግብማ።
ላይኛው ኩሬ ደግ ነው፤ እናቴ ያጠበችኝ ነው፤
ግን እንግዳ ሳይነግር መግባት፣ ለውሃም ቢሆን ነውር ነው።”

ጠጠር አንሥታ በብብቷ ላብ አሸት አሸት አረገችው፤
ስሟን ጠርታ ወረወረች። ውሃው “ጥልቅ” አርጎ ዋጠው።
“እንዲህ ነው። ሽታችሁን ሲያውቅ ከዘመድ ይቆጥራል።
እኔንማ ድሮ ያውቀኛል።”

ኖሪን ስሟን ጠራች፤ የኔን ሳይሆን የአባቷን፣
የተጋባን ለት የተወችውን፣ የልጅነቷን፤
ከዚያ ዘለለች፤ ስልሳ ስምንት ዓመቷን
ድንጋይ ላይ ትታ፣ መነጽሯን፣ ሰዓቷን።

ፏፏቴው ሥር ሆና ትጮኻለች፤ አይሰማኝም፤
ቃሏን ከአፏ ይነጥቃል፤ “ና” ይሁን “ተው” አይለይም።

እኔ ዋና አልችልም። አርባ ዓመት ሙሉ ደበቅሁ፤
“ጆሮዬን ያመኛል” እያልሁ፣ በየባሕሩ ዳር ፎጣ ጠበቅሁ።

ዳልሲ አየችኝ። ምንም ሳትል ጠጠር አቀበለችኝ፤
ፀሐይ ስትጠጣ የዋለች፣ መዳፌን ፈጀችኝ።
ብብቴ ሥር አሸኋት፤ ስሜን ልል አፌን ብከፍት፣
“ዋና አልችልም” ነው ያልሁት።
ውሃው እንደ ስም ተቀበለው።

እስከ ቁርጭምጭሚት፣ እስከ ጉልበት፣ እስከ ደረት። እግሬ ፈራ።
ኖሪን ክንዴን ያዘች፤ አፏን ጆሮዬ ላይ አኑራ፣
“አውቅ ነበር” አለች፤ ፏፏቴው በላያችን እያጓራ፣
“ገና በጫጉላችን።”

ማታ ካራቫኑ ውስጥ፣ በተረፈች አንዲት ስኒ
ሻይ እየተቀባበልን፣ ካርታውን ዘረጋሁ እኔ።
“ነገ ወደ ግራ” ብላት፣ “ቀጥታ” አለች፤ ሳቅ ቀደመኝ።
ጆሮዬን፣
ዛሬ ገና፣
የእውነት አመመኝ።