ቁራና ቁራሽ

በኔፕልስ ወደብ ጨው ሲሸከም አይቶ፣
ጌታዬ ሰዓሊው ሰው አመጣ ገዝቶ፣
ለቀን ሁለት ሳንቲም። «ተመልከት!» አለኝና
እንደ በሬ ገዢ ዳሰሰው እንደገና፤
«ጎድኑ ይቆጠራል፣ ሆዱ ጀርባው ላይ ነው፤
በረሃ ምን ያደርጋል? መናኝ ወደብ ነው ያለው።»

ስሙ ካታልዶ ነው። ልብሱን አስወለቅነው፤
የሰሌን ቁራጭ ወገቡ ላይ አሰርነው።
ገዳሙ ያዘዘው አባ ጳውሊን ነበር፣
ቁራ የቀለበውን፣ በግማሽ ዳቦ ከሰማይ ዳር።

እኔ ያኔ ልጅ ነኝ፤ ቀለም ፈጪ ነበርሁ፤
በሞተ ቁራ ሆድ ጭድ ጠቅጥቄ ሰፋሁ፤
ከወራጁ በክር አንጠለጠልሁትና
ግማሽ ዳቦ አስነከስሁት፣ ትኩስ፣ ከምድጃ የወጣ ገና።

«ቀና በል!» አለው ጌታዬ። «ሰማዩን ተመልከት!»
ካታልዶ ቀና አለ። ሰማይ ከየት ይምጣ፣ የሸረሪት ድር ባለበት?
ጥላሸት የጠጣ ጣሪያ፣ ከጣሪያው በታች ቁራው፣
ከቁራው አፍ ቀስ ብሎ የሚሽከረከር ቁራሽ፤ እሱን ነው ያየው።

ጉሮሮው ወጣ፣ ወረደ።
ዓይኑ እንባ አቀረረ፤ ከንፈሩ ተላቀቀ፤
እጁ ሳያዙት ተዘርግቶ አየሩን ጨመቀ።
«ተመስጦ!» አለ ጌታዬ፤ ድምፁ ተንቀጠቀጠ፤
ነጭ በነጭ ላይ ደረበ፤ ያን ዓይን እስኪይዝ አልተቀመጠ።

ዘጠኝ ቀን።
ዳቦው ድንጋይ ሆነ፤ የዓይኑ ብርሃን ግን ባሰ።
«ትንሽ ይቅመስ?» ብዬ ባማልድ፣ ብሩሹን እያበሰ
«ሆዱ ከጠገበ» አለኝ፣ «ቅዱሱ ጥሎን ይሄዳል።»
በልቼ ነበር እኔ። በልቶ ማማለድ ይቀላል።

በአሥረኛው ቀን ቁራውን ከጥራጊ ጣልነው፤
ካታልዶ ዳቦውን ለመነን፤ ሰጠነው።

ዛሬ ከጎን መሠዊያ ነው፤ ከጥቁሩ መሐል ያበራል።
ሰባኪው ጣቱን ቀስሮ፣ «ይህ ዓይን አምላኩን አየ» ይላል።
እኔም ሸብቼ፣ ከዓምዱ ሥር፣ ዝም እላለሁ።
አርብ አርብ አንዲት አሮጊት፣ ካንዴሎራን፣ አያለሁ፤
የቅዱሱን አውራ ጣት ነክታ ጣቷን ትስማለች፣
የጨው ሣጥን ወድቆበት የጠቆረ ጥፍሩን ታውቃለች።
(ጌታዬ ጥፍሩን አልዋሸም፤ እንዳየው ሣለው።)
«አባ ጳውሊን ስትወድ!» ይላል ሻማ አብሪው።

ባለፈው ተከትያት ወጣሁ፤ ደጁ ላይ ደረስሁባት።
«እናቴ፣ ያ ዳቦ...» አልኳት። ሳልጨርስ ገባት።
ጥርስ በሌለው አፏ ሳቀች።
«በመዶሻ ሰበርነው፤ በሽንኩርት ውሃ ነከርነው፤
ሰባት ነበርን፤ ደረሰን፤ የድስቱንም ቂጥ ላስነው።
የናንተ ቁራ፣» አለች፣ «ዘገየ እንጂ መጣ።»

ከዚያ የረሳችው ነገር ትዝ ብሏት ተመለሰች፤
ግማሹ የነደደ ሻማዋን እፍ ብላ ጉያዋ ሸሸገች።