የኬል ኬላ

ማታ ማታ ራይንን በትራም እሻገራለሁ፣
ከስትራስቡርግ ወደ ኬል፣ ሥራ ውዬ እገባለሁ።
ድልድዩ መሐል ላይ አገር ይለወጣል፤
ጠያቂ የለ፣ ፈታሽ የለ፣ ሰው ስልኩ ላይ ያፈጣል።
ከማዶ ግን አንዲት የዘብ ጎጆ ቀርታለች፣
መስኮቷ በጣውላ ታውሮ፣ ዛሬም ወንዙን ታያለች።

ኦትማር እዚያ ነበር፤ ሃያ አንድ ክረምት ቆሞ፣
ማኅተሙን በብብቱ አሙቆ፣ ጢሙ በውርጭ ታትሞ።
አሁን በየሦስት ወሩ ወደኛ ይመጣል፣
እጅጌውን ይጠቀልላል፣
"ቅጂ" ይለኛል፤ እቀዳለሁ።

በጉበቱ እንግዳ አለ፤ አርባ ዓመት የከረመ፣
ኪራይ ያልከፈለ፣ ስሙን በር ላይ ያላተመ።
"በኛ አገር የወፍ በሽታ ይሉታል" ብዬ ብነግረው፣ ሳቀ፤
"ወፍማ ቢሆን፣ እንደ አልዛስ ሽመላ፣
ብርድ ሲመጣ በሄደ!
ይኼ ግን እውስጤ ጎጆ ቀልሶ ሞቀ።"

ደሙ በመዘውር ይሾራል፤ ቀዩ ይወርዳል፣ ነጩ ይለያል።
ከዚያ በቀጭን ቧንቧ፣ በጨረር ፊት፣
ሕዋሶቹን አንድ በአንድ አሳልፋለሁ፤
እኔም እንደ ኦትማር ኬላ ላይ እቆማለሁ፦
"ማን ነህ? ቆዳህ ላይ ምን ይዘሃል?"
ያሳዩኛል። ፒዲ-ዋን ይዘዋል፤ ላግ-ሦስት፣ ቲም-ሦስት፤
ልጓም በልጓም ላይ፣ ሦስትም አራትም በአንድ ፊት።
ለአሥር ቀን ዘመቻ የተፈጠሩ ወታደሮች ናቸው፤
አርባ ዓመት ሲሆን ጦርነቱ፣ ስንቁ አለቀባቸው።
ጦሩን ከእጃቸው አልጣሉትም፤ ግን አይወረውሩትም፤
ጠላታቸውን ያውቁታል፤ አያባርሩትም፣ አይምሩትም።

"ደካሞች" ብዬ ጽፌ ነበር፣ በማስታወሻዬ ጠርዝ።
ዶክተር ሶሌን አየችና በእርሳስ ሰረዘችው።
የተናገረችው በፈረንሳይኛ ነው፤ በቋንቋዬ ሲገባኝ እንዲህ ሆነ፦
ጉበን ላይ የቆመ ዘብ፣ ሌባውን ልፍጀው ቢል በእሳት፣
ሌባው ያለው ከቤቱ ነው፤ ይነዳል ጉበኑም፣ ጉበት።

ኦዲልን አስታወስኩ።
ለሳንባዋ ዕጢ፣ ልጓም የሚፈታ መድኃኒት
በክንዷ ገባ፤ ዕጢው ሟሟ፣ በጸደይ አጋማሽ።
በሰኔ ግን አንጀቷ ነደደ፣ ጉልበቷ አበጠ፤
የተፈታው ፈረስ የባለቤቱን አዝመራ ረገጠ።
እስከዚያ ሰኔ ድረስ ልጓም ጠላት ይመስለኝ ነበር።

ኦትማር ሰምቷል መሰለኝ። "ለእኔስ?" አለ፣ "ትፈቱልኛላችሁ?"
"ሐኪሙ ያውቃል" አልኩ። የፈሪ መልስ ነው፤ ሌላ አልነበረኝም።
ጥጡን ክንዱ ላይ እንደተጫነ፣ ሳልጠይቀው ነገረኝ፤
ዘመኑ በነሱ አቆጣጠር ሰባ ስምንት ነው፦
"በረዶ ይጥላል። አንድ ሰው በድልድዩ ሮጠ።
'ተኩስ!' አለ ባልደረባዬ። አነጣጠርኩ። ጣቴ ቀለጠ።
'ሽጉጤ ነከሰ' ብዬ ጻፍኩ፣ በማግስቱ፣ በመዝገቡ።
የነከሰው ሽጉጡ አልነበረም።
ሌባ ይሁን አባወራ፣ እስካሁን አላውቅም፤
ድልድዩ ግን ሲነጋ ደም አልነበረበትም።"

አርባ አንድ ከመቶው ዝለዋል፤ ውጤቱን ላክሁ።
ከዛሉት መሐል ጥቂት፣ እንደ ዘር እህል የተቀመጡ፣
ገና መብዛት የሚችሉ፣ አየሁ፤
በየትኛው ሣጥን እንደምጽፋቸው ሳላውቅ ቆየሁ።

ዛሬ ማታ ትራሙ ኬል ሲቆም ሁለት ፖሊሶች ገቡ፤
ከሞላው ፉርጎ መሐል ወደ እኔ ቀረቡ።
ወደ እኔ ብቻ።
ወጣቱ መታወቂያዬን ተቀብሎ ፊቴን አየ፣
ካርዱን አየ፣ ፊቴን አየ፤
ባልደረባው የሆነ ነገር አለው፤ በሩ ክፍት ቆየ።
ሌላው ተሳፋሪ ስልኩ ላይ አፍጥጧል።
እኔ የልጁን እጅ ነበር የማየው፣
ልጓሙ እዚያ አለ ወይ፣ ብዬ።