ሦስተኛ ፎቅ

ጌንት ከተማ፣ ከቦዩ ዳር፣ ፈትል ቤት የነበረ፣
ጡቡ በጭስ የጠቆረ፣ ሙዚየም ሆኖ የቀረ፤
ሦስተኛው ፎቅ የኔ ነው፤ ወንበር አለኝ ከጥጉ፣
ሬዲዮ ከወገቤ፤ ከፊቴ "እባክዎ አይጠጉ"
የሚል ሰሌዳ።

ዝናብ ሲጥል ሰው ይመጣል፤ ፀሐይ ስትወጣ ዝንብ ብቻ፤
ማክሰኞ ግን ተማሪ ነው፣ የአንድ አውቶብስ ሙሉ ዘመቻ።

መምህርቷ ወረቀት አደለች፤ አሥራ ሁለት ጥያቄ።
(መልሱን እኔም እችላለሁ፣ ከቆምኩበት በቃል አውቄ።)
ማሽኑ መቼ ተሠራ? ስንት ክር ነው? ፋብሪካው የማን ነው?
ልጆቹም ከሰሌዳው ላይ ቀድተው፣ ቀድተው፣ ቀድተው፣
ያን የሚያህል ብረት ቆሞ ቀና ብለው እንኳ ሳያዩ
እርሳስ እየነከሱ አለፉ፣ ወደ ቀጣዩ፣ ወደ ቀጣዩ።

አንዱ ብቻ፣ ሴፔ የሚሉት፣ የጫማው ክር የተፈታ፣
ሊያስር ጎንበስ ብሎ ቀረ፤ ወለሉን አየ ለአፍታ።
"ሳንቃው ለምን ሰረጎደ?"

ሰሌዳው ላይ መልሱ የለም፤ መምህርቷም ዘንድ የለም፤
እኔም አሥራ አንድ ዓመት ሙሉ ስጠብቀው አላየሁም።

ዝናብ ሸሽታ የገባች፣ ጃንጥላዋ የሚያንጠባጥብ፣
አንዲት አሮጊት ነበረች፣ መነጽር አውልቃ የምታነብ፤
ጎደሊቭ ትባላለች። ስሟን የሰማሁት ኋላ ነው።

"እግር ነው" አለች፣ "ግራ እግር። ቀኙ ለሩጫ ይፈለጋል፤
ክር በተበጠሰ ቁጥር ይሮጣል፤ ግራው ተተክሎ ይውላል።
ከእኔ በፊት ዙልማ ቆማለች፣ ከዙልማ በፊት እናቷ፤
እዚህ ስርጉድ ውስጥ ነው ያለው የእያንዳንዷ ልጅነቷ።"

ልጆቹ ቀስ በቀስ መጡ፤ እርሳስ ጆሮ ላይ ቀረ።
"ምን ታወሩ ነበር?" አሏት። ሳቀች። "ማን ይሰማ ነበረ?
ሁለት መቶ ማሽን ሲጮህ መብረቅ ቢወድቅም አይሰማም፤
ከንፈር እናነብ ነበር፤ ሐሜት መቼም መንገድ አያጣም።"

ከዚያም አፏን ከፈተች፣ ድምፅ ሳታወጣ፣ ቃሉን
እየሳበች፣ እያሰፋች፣ እየመጠነች ፊደሉን፤
"ዳቦ!" አሉ፤ "አይደለም፣ ውሻ!" አሉ፤ ተንጫጩ፤ ተሳሳቱ፤
"አለቃው መጣ!" አለ ሴፔ። አጨበጨበች አሮጊቲቱ።

ከዚያ ሃያ ስድስት ልጅ
ድምፁን አጥፍቶ ወሬ ያዘ።
እንዲህ ያለ ጸጥታ፣
እንዲህ ያለ ሁካታም፣
በዚህ ፎቅ ሰምቼ አላውቅም።

እኔ፣ የአገሩ ቋንቋ ፈጠን ሲል የሚያመልጠኝ፣
"ይድገሙልኝ" ብሎ መጠየቅ ዛሬም የሚያሳፍረኝ፣
የሰው ከንፈር እየሰረቅሁ፣ ግማሹን በግምት የኖርሁ፣
ለካ ሙያ ኖሯል። እኔ ጉድለት ነበር የመሰለኝ።

ሬዲዮው ጮኸ፦ "ሦስተኛ ፎቅ! ልጆቹ ወዴት ጠፉ?"
"እዚሁ ናቸው" አልኩ፣ "እያወሩ።"
"ምንም አይሰማም እኮ!"
"አዎ" አልኩ።

ጎደሊቭ ጫማዋን አወለቀች። ገመዱን ተሻገረች።
ግራ እግሯን ስርጉዱ ውስጥ አኖረች፤ ልክክ አለ።
መከልከል የኔ ሥራ ነው።
መስኮቱ ላይ ዝንብ መፈለግ ጀመርኩ።
ከዚያ ሴፔ። ከዚያ ጓደኛው። ከዚያ ተሰለፉ።
መምህርቷም በመጨረሻ፣ በካልሲ።

ሲሄዱ አምስት ወረቀት ከወለሉ ላይ አነሳሁ፤
ከሰባተኛው ጥያቄ በታች ሁሉም ባዶ።
አንዱ ጀርባ ላይ እግር ተስሏል፣ ጣቱ ስድስት።

አውቶብሱ መስኮት ላይ ሴፔ በዝናቡ መሀል አፉን
ከፈተ፣ ዘጋ፣ ከፈተ። ወይ "ቻው" ነው፣ ወይ "እመጣለሁ"፤
በጭጋጉ አልለየሁም። እኔም መለስኩለት፣ ያለ ድምፅ፣
በራሴ ቋንቋ።

ማታ መዝገቡን ስሞላ፣ የጎብኚ ብዛት በሚለው፣
ልጆቹን፣ መምህርቷን፣ ጎደሊቭን ደመርኩ፦ ሃያ ስምንት።
ሃያ ዘጠኝ ብዬ ጻፍኩ።