ሁለት ነጭ

ዴርቭላ በክሌር ሜዳ፣ ከኖራ ድንጋዩ ላይ፣
አርባ በጋ ተንበረከከች ነጭ ከነጭ ልትለይ።
ያው ቁመት፣ ያው አመድማ ነቁጥ፣
ያው ዘገምተኛ አበራረር፣ ያው ክንፍ ገጥሞ መቀመጥ።
ደብተሯ በጥያቄ ምልክት ሞላ።
«ገድለሽ ሆዱን ካልከፈትሽ፣ መለያ የለውም ሌላ»
ብሏታል የሙዚየሙ ሰው፣ ከነመርፌው፤
እሷ ግን መግደል አልሆነላትም፣ ጥያቄዋን ታቀፈችው።

ዛሬ ከዱር ጓያው አበባ፣ ወንዱ ከነጯ ፊት ቆሞ፣
ምላሱን ዘርግቶ ግራ ቀኝ ሲወዛወዝ፣ ሲለምን ደጋግሞ፣
ዝም። ፍንክች የለ።
ደክሞት በረረ፤ ሌላ ደግሞ ተከተለ፣
ያው ነጭ፣ ያው ነቁጥ፣ ያው ቁመት፤
ለዚህኛው፣ ሳትለካ ሳትቀድ፣ ወገቧን አጠፈችለት።

ዴርቭላ ጉልበቷን አራገፈች፤ በምራቅ አርሳ እርሳሷን
ከጥያቄ ምልክቱ ጎን ጻፈች፦
«ጠይቁ እሷን።»