የጀርባ መብራት

ካስትሮ ላይ ዝናብ ወሬ አይደለም ለሰው፤
ያባራ ዕለት ነው ጎረቤት «ምን መጣ?» የሚባባለው።
እኔ ኤሊሴዎ ነኝ። ከዓሣ ተራው ጀርባ
ሱቅ አለኝ፤ ደንበኛ አልፎ አልፎ፣ ውሃ ሁልጊዜ የሚገባ።
ስክሪን እጠግናለሁ። ጨው የበላው ገመድ፣
ያበጠ ካፓሲተር፣ የድመት ፀጉር፣ የምድጃ አመድ፣
ሁሉንም አይቻለሁ። አንዱማ በጆንያ ተሸክሞ መጥቶ
«ሞተብኝ» አለኝ፣ ቁልፉን ሳይጫን ቀርቶ።
ተጫንኩለት፤ በራ። ገንዘብ አልተቀበልኩም፤
ድንች ላከልኝ እንጂ፣ ዳግመኛ አላየሁትም።

ፍሬሲያ ማንሲያ ግን ማክሰኞ ማለዳ
በሱፍ ብርድ ልብስ ጠቅልላ፣ እንደ ሕፃን፣ እንደ ዕዳ፣
ታቅፋው ገባች። ጠረጴዛዬ ላይ አሳረፈች።
«ጠፋ» አለች። ሌላ ቃል አልጨመረች።
ሣጥኑን ከኋላዋ የእህቷ ልጅ አዝሎታል፤
አሥራ አራት ቢሆነው ነው፣ ጫማው ውሃ ያንቋርራል።

በወደቡ ቢሮ ዕድሜዋን የፈጀች፣
ወጪ ገቢ ጀልባ በሰዓት የመዘገበች፣
ጡረታ ስትወጣ፣ ሰው ሰዓት ሲሸለም፣ ሰው አበባ ሲይዝ፣
አሮጌውን ኮምፒውተር ከነመዝገቡ ስጡኝ ያለች፣ ዓይኗ ሳይፈዝ።

ጠጋኝ ከሩቅ አይጀምርም፤
ሶኬት፣ ቀጥሎ ገመድ፤ ሆድ ለመቅደድ አይቸኩልም።
ሶኬቱ ደኅና ነው። ገመዱን ነቀልኩት፣
እሾሆቹን ቆጠርኩ፣ እፍ ብዬ መልሼ ሰካሁት።
ሌላ ገመድ፤ ጥቁር። ሌላ ቀዳዳ፤ ጥቁር።
ግን ሲነሣ «ቲን» ይላል፣ ትንሿ አረንጓዴ መብራትም
ግንባሩ ላይ ትበራለች፣ ሳታፍር።

«አምፖሉን አጥፉልኝ» አልኩ፣ «መጋረጃውንም ዝጉት።»
የእጅ ባትሪዬን አግድሜ፣ ከመስተዋቱ አስጠግቼ አበራሁት።
ቀስ ብሎ፣ ከጥቁሩ ሥር፣ እንደ ዓሣ ጀርባ፣
ግራጫ ሠንጠረዥ ብቅ አለ፤
ወጣ፣ ገባ፣ ወጣ፣ ገባ።

«አልጠፋም» አልኳት። «ምስሉ እዚያው አለ፤
ከኋላው ያለው መብራት ነው እምቢ ያለ።»
ይህን ለስንቱ ብያለሁ። ሰው ሲሰማ ይስቃል፣
«ስንት ይፈጃል?» ይላል።
እሷ ባትሪዬን ከእጄ ወሰደች፤
መስመር በመስመር ወረደች፣ ወረደች፣
ልጁም በትከሻዋ ላይ አንገቱን አሰገገ፤
ክቡ ብርሃን አንድ ቦታ ቆመ፣ ረጋ፣ አልተንቀሳቀሰ።

ላ ፖርፊያዳ። ቤላርሚኖ።
ወጣ፦ ከንጋቱ አሥራ አንድ ከሩብ።
ገባ፦

«አባቴ ነው» አለ ልጁ። «ሣጥኑ ለምን ባዶ ሆነ?»
ዝናቡ ቆርቆሮዬን እየደበደበ ለእሷ ፈንታ አገነነ።
ቆይታ ነው የመለሰችው፣ ለልጁም አይደለም፣ ለኔም፦
«አለቆቼ ‹ጠፋ ብለሽ ሙይው› አሉኝ። አልሞላሁም።
የሚሞላው ሲገባ ነው። ደንቡ ይኸው ነው፣ አልኳቸው።
አሥራ ሁለት ዓመት ያን ቃል ከአፌ አላወጣሁትም፣
ዛሬ ለዕቃ ስል ወጣብኝ፤
እዚህ፣ ጠረጴዛህ ላይ፣ ሰማኸኝ?»
ሰማሁ አልኩ። ምን ልበል?

ጀርባውን ፈታሁ። ሁለቱ ሆዳቸውን ነፍተዋል እንደ እንቁራሪት፤
ነቅዬ አዲስ በየድኩ፣ እጄ እንደ ወትሮው አልፈጠነም፣ ምናልባት
ማንም እንዲፈጥን አልፈለገ ይሆናል።
ልጁ ብሎኖቹን በመዳፉ ያዘልኝ፤ ሰባት ነበሩ፣
ሰባቱም ሳይጎድሉ ተቆጠሩ።

ሲበራ ነጭ ጎርፍ ነው፤ ሁላችንም ዓይናችንን ጨፈንን።
ስሞቹ ሁሉ ተነሡ፤ የገባው፣ ያልገባው፣ በአንድ ብርሃን።
ፍሬሲያ እጇን ጋረደች። «ቀንስልኝ፣ በጣም ነው» አለች።
ከመቶ ወደ ሃምሳ። «ገና።» ወደ ሠላሳ። «ገና።»
አሥራ ሁለት ላይ ሲደርስ፣ እንደ ባትሪው ሲደበዝዝ፣ «ይበቃል» አለች።

ማታ፣ ሱቄን ሳልዘጋ፣ ደብተሬን አወጣሁ፤
የደንበኛ ስም፣ የዕቃ ዓይነት፣ እንደ ልማዴ ሞላሁ።
«ብልሽት» ከሚለው ሥር «ጠ» ብዬ ጀመርኩ፤
እሷን ሰረዝኩና
«ጨለመ» ብዬ ጻፍኩ።