አስተያየት የሚለው ዓምድ

ሰዓቱ አሥራ አንድ ተኩል፣ ጎህ ሳይቀድ በቅጡ፣
ወፎቹ ከሐይቁ ዳር፣ ከማደሪያቸው ሳይወጡ፣
ከአስፋልቱ ማለቂያ፣ ከሽቦው አጥር ሥር
ቆሜያለሁ ልቆጥር።

ቅጹ አምስት ዓምድ አለው፦
ዓይነት፣ ብዛት፣ ሰዓት፣ የበረራ ከፍታ፤
አምስተኛው ጠባብ፣ የአንዲት ጣት ቦታ፣
«አስተያየት» ይላል። እዚያ ምን ይጻፋል?
ስሜን እንኳ ብጽፍ ግማሹ ይተርፋል።

የሁለት ወር አበል፣ ቢጫ ሰደርያ፣ መነጽር፤
ውሌ ላይ የሰፈረው ይኸው ነው በአጭር፦
ሃያ ዓመት ለሚዘልቅ ለኤርፖርቱ ዕቅድ፣
ከሚረዝመው መንደርደሪያ፣ ከሚዞረው መንገድ፣
እስከ ጭነት መጋዘን፣ እስከ መኪና ማቆሚያ፣
ማንን ይነካል? ምን ይነካል? ምንስ አለው ማቅለያ?

ቀድሞ የሚደርሰው አባ ኮዳ ነው ሁሌ።
ራሰ በራ፣ ግራጫ ካፖርቱን ደርቦ፣
እጁን በስተኋላ፣ አንገቱን ሰብስቦ፣
እንደ ኦዲት ሠራተኛ፣ ሳይቸኩል፣ ሳይቆጣ፣
በነጩ መስመር ላይ እየለካ መጣ።
ብዛት፦ አንድ። ከፍታ፦ ዜሮ። አስተያየት፦ ባዶ።
ጸሐይ ስትፈነጥቅ አርባ ሆኑ፣ ከዚያ ስልሳ፤
ሁሉም ወደ አሞራ ገደል፣ ወደሚበለተው ዓሣ።

ወፍ ብቻ አይምሰላችሁ። ሰባት ኪሎ ሥጋ
ሞተር ውስጥ ሲገባ የሚያስከፍለው ዋጋ
እኔንም ያስፈራል። እናቴን ለሕክምና
ከዚሁ አስፋልት ላይ ነው የሸኘኋት አምና፤
ያን ቀን ሰማዩ ላይ አንድም ክንፍ አልፈለግሁ፣
እሷን ከያዘው ክንፍ በቀር።

ለማቅለያው ምዕራፍ ወደ ዓሣው ገበያ ወረድኩ።
ቡናሮ ቆሮሶ ይገፍፋል፤ ቢላው ከጣቱ ይፈጥናል፤
አንጀቱን ወዲያ ሲወረውር አሥር መንቁር ይቀልበዋል።
«ጥናቱ ላይ አለህ፣» አልኩት።
«ስሜ ተጽፏል?»
«የለም። ‹የወፍ መሳቢያ ምንጭ› ተብለሃል።»
ቢላውን በሱሪው ጠረገ። «እሱም ጥሩ ስም ነው፤
ካሳው የሚከፈለው ለእኔ ነው፣ ለምንጩ ነው?»

ቅዳሜ ዕለት ደግሞ፣ የሕዝብ ምክክር ቀን፣
ከሾላው ጥላ ሥር ወንበር ተደርድሮልን፣
ኢንጂነር ምንይችል ካርታውን ሰቀለ፤
ቀይ የተሰመረውን «ይረዝማል» እያለ
በዱላ ጠቆመ። ከቀዩ ሥር ያለው
የአቶ ላታሞ ማሳ፣ የእንሰቱ ቦታ ነው።
አቶ ላታሞ ተነሱ፣ ከዘራቸውን ተክለው።
ሁላችን ጠበቅን ስለ ካሳው ሊጠይቁ፤
«እዚህ የነበረውሳ፣» አሉ፣ «የት ሄደ ሐይቁ?»

ማተሚያው ሰማያዊ ቀለም አልቆበት ኖሮ
ሐይቁ ነጭ ወጥቷል፣ እንደ ባዶ ጓሮ።
ሕዝቡ ሳቀ። «የቀለም ችግር ነው፤ ሐይቁ አለ፤
በዋናው ሰነድ ላይ በደንብ ይታያል፣» አለ።
በኪሴ ሰማያዊ እስክሪብቶ ነበረኝ፤
ተነስቼ እንዳልቀባ ውሌ ትዝ አለኝ።
«ለሃያ ዓመትስ?» አሉ ሽማግሌው።
ከሾላው ላይ አንድ ፍሬ ጠብ አለ። ሌላ መልስ አልመጣም።

ማታ ቃለ ጉባኤውን በስልኬ መብራት አነበብኩት።
ለዚያ ሁሉ ጥያቄ አንድ መስመር ነው ያሰፈሩት፦
«ሐይቁ አለ።»
ፊደላችን ማጥበቂያ የለው፣ ማላሊያም የለው፤
ሳጠብቀው ሐይቁ ከነውኃው በቦታው ነው፤
ሳላላው ደግሞ ሐይቁ አንድ ነገር ተናገረ፤
ምን እንዳለ ግን የጻፈ ሰው አልነበረ።

ዛሬም አሥራ አንድ ተኩል። ጭጋጉ ውኃው ላይ ተኝቷል።
ኦዲተሩ መጥቷል፤ ነጩ መስመር ላይ ቆሟል።
ዓይነት፣ ብዛት፣ ሰዓት፣ ከፍታ፤ ሞላሁ ሁሉን፤
ከዚያ በጠባቡ ዓምድ ሁለት ቃል፣ ያንኑን፣
በሰማያዊው እስክሪብቶ ጻፍኩ። ልክክ አለ።
ያጥብቀው፣ ያላላው፣ የሚፈርመው ሰው።