ሳይደክሙ ማዝገም

ማክሰኞ ቆሻሻ ይወጣል በዊንዘር።
ድሩያርድ ጎዳና፣ ከበረዶው ክምር፣
ከተጣለ ፍራሽ፣ ከተሰበረ ወንበር፣
አንድ የልጅ ስኩተር፤
ጎማው የተበላ፣ ባትሪው የሞተ፣
ሞተሩ ግን ጤና፤ እንደኔው ሥራ ፈትቶ የተጎለተ።

ልጄ ትርሲት ሸክላ ጀምራ ነበረ፤
መንኮራኩር ግዛ ስትል ወር ተቆጠረ።
ዋጋውን አየሁት፤ ኮምፒውተሩን ዘጋሁ፤
ስኩተሩን አዝዬ ምድር ቤት ገባሁ።

በሁለት ባትሪ በቀጥታ ሳስነሳው
የመጀመሪያው ጭቃ ግድግዳውን ቀባው።
ከማድረቂያው ማሽን እስከታጠበው አንሶላ፣
እስከ ትርሲት ቅንድብ ቤቱ ጭቃ ተሞላ።

«ቀንሰህ ስጠው» አልኩ፣ ጥሬ ብልሃቴን ይዤ፣
ወፍራም ሬዚስተር በመሐል አያይዤ።
አዘገመ፤ እውነት ነው። ግን ምን ያደርጋል፣
የትርሲት አውራ ጣት ገና ሲነካው ይቆማል።
ሬዚስተሩ ደግሞ ጋለ፤
ጣቴን ለበለበኝ። ከሞተሩ የነጠቅኩት ጉልበት
ለማንም ሳይሆን እዚያው ተቃጠለ።

ሬዣን ከላይ ፎቅ በካልሲው ብቻ ወረደ፤
አርባ ዓመት ኤሌክትሪክ የሠራ፣ አሁን ጆሮው የከበደ።
እጁን ሞተሩ ላይ አሳረፈ፣ እንደ ሐኪም።
«አታስርበው» አለ። «ሙሉውን ስጠው። ከዚያ ንሳው።
ከዚያ ስጠው። ብቻ ፍጠን።»

ባቄላ የምታህል ባለ ስምንት እግር ቺፕ፣
አንድ ካፓሲተር፣ አንድ ማዞሪያ፣
ትራንዚስተሩ በር ጠባቂ፤
ክፈት፣ ዝጋ፣ ክፈት፣ ዝጋ፣
በሰከንድ ሺህ ጊዜ፤
አንድም ጊዜ ገርበብ አይልም በሩ።
መዝገሙ የሚመጣው ተዘግቶ ከሚቆይበት ነው፣
ሲከፈትማ ሙሉ ነው ኃይሉ።

የመጀመሪያው ትራንዚስተር በጭስ ሞተ፤
ዳዮዱን ረስቼ።
«ሞተር ሲቆረጥበት መልሶ ይረግጣል፤
መመለሻ መንገድ ካላበጀህለት
በር ጠባቂውን ገድሎ ይወጣል።»
ሬዣን ያወራው ስለ ሞተር ነው።
እኔ ግን ጥቅምት ላይ የሰጡኝን ደብዳቤ አሰብኩ።

ዘጠኝ ዓመት የመኪና ወንበር ብሎን አጥብቄያለሁ።
የመስመሩን ፍጥነት፣ ከመስታወቱ ጀርባ፣
ፊቱን ያላየሁት ሰው ነበር የሚያዞረው፤
አርብ ከሰዓት በትንሹ ከፍ ያደርገዋል፤
ጆሮ አይሰማውም፤ ትከሻ ነው የሚያውቀው።

አሁን ሞተሩ እንደ ቢምቢ በቀጭኑ ያፏጫል።
የትርሲት እጅ ጭቃ ነው፤ ማዞሪያው በእኔ እጅ።
«ቀስ» ትላለች። ቀስ።
«ትንሽ ጨምር።» እጨምራለሁ።
«በዛ፣ አባ!»
ጭቃው መሐሉን አገኘ።
አውራ ጣቷን ተጫነች፤ ሞተሩ አልቆመም፣
ድምፁ ብቻ ትንሽ ወፈረ።
ጎድጓዳ ሆነ፣ ከንፈር አወጣ፣
ጠመመ፣
ወደቀ።

«እንደገና» አለች፣ ዓይኗን ሳታነሳ።
ማዞሪያውን እስከ ዜሮ መለስኩና
ጠበቅኋት።